ሕዋስ በኦክሲጅንና ያለ ኦክሲጅን ኃይል የሚያገኝበት መንገድ፦ የግኝቱ ታሪክና ለክፍል ትምህርት ያለው ጠቀሜታ

መግቢያ

በሁለተኛ ደረጃ የሥነ ሕይወት ትምህርት ተማሪዎች በቃል ከሚይዟቸው ቀመሮች መካከል ሁለቱ ሕዋስ ከምግብ ኃይል የሚያገኝበትን መንገድ የሚመለከቱ ናቸው። አንደኛው፣ ግሉኮስ ከኦክሲጅን ጋር ሲዋሐድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውኃና ኃይል ይገኛል የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ኦክሲጅን በሌለበት ግሉኮስ ወደ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ወይም ወደ ላክቲክ አሲድ ተለውጦ ጥቂት ኃይል ይሰጣል ይላል። ሁለቱን ቀመሮች በጥቁር ሰሌዳ ላይ ለመጻፍ አምስት ደቂቃ ይበቃል። የሰው ልጅ ግን ወደዚህ ዕውቀት ለመድረስ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ደክሟል።

ድካሙ ይህን ያህል የረዘመው በየዘመኑ የነበሩት ሊቃውንት ማስተዋል ስለጎደላቸው አልነበረም፤ ጥያቄዎቹ በእርግጥ ከባድ ስለነበሩ ነው እንጂ። እሳት በሌለበት ሙቀት ከየት ይመጣል? ስኳር ወደ አልኮል የሚለወጠው ሕይወት ባለው ነገር ሥራ ነው ወይስ በተራ ኬሚካዊ ለውጥ? ኦክሲጅን ራሱ ወደ ሕዋስ ገብቶ ምን ያደርጋል? እነዚህ ጥያቄዎች ዛሬም በተማሪዎቻችን አእምሮ ውስጥ አሉ። ቀመሩን ያለ ስሕተት የሚጽፍ ተማሪ «ኦክሲጅን ሲጠፋ የሚገኘው ኃይል ለምን ያንሳል?» ተብሎ ሲጠየቅ ዝም የሚለው፣ መልሱን እንጂ ጥያቄውን ስላልተማረ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የግኝቱን ታሪክ በአጭሩ ከተረከ በኋላ፣ ከታሪኩ ለመምህራንና ለሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች የሚጠቅመውን ነጥብ ማመልከት ነው። ነጥቡም ይህ ነው፦ «በኦክሲጅን» እና «ያለ ኦክሲጅን» እየተባሉ በሁለት ርእስ ተከፋፍለው የሚሰጡት ትምህርቶች በተፈጥሮ ሁለት መንገዶች አይደሉም። መነሻው አንድ የሆነ መንገድ እመካከሉ ላይ ሲደርስ የሚከፈልባቸው ቅርንጫፎች ናቸው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ቃላቱ ጥቂት ማብራሪያ

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ሦስት ቃላትን መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው «መፍላት» ነው። ቋንቋችን ውኃ በእሳት ላይ ሲንተከተክም፣ ጠላ በጋን ውስጥ አረፋ ሲያወጣም «ፈላ» ይላል። ይህ የእኛ ብቻ አነጋገር አይደለም። አውሮፓውያን ለጠጅና ለጠላ መፍላት የሚጠቀሙበት ቃል የተገኘው በእሳት መፍላትን ከሚያመለክት የላቲን ግሥ ነው። ሁለቱም ሕዝቦች ያስተዋሉት አንድ ነገር ነው፤ ከሥሩ እሳት ሳይነድ የሚንተከተክ ፈሳሽ። የሳይንሱ የመጀመሪያ ጥያቄ በቃሉ ውስጥ ተሸሽጎ ይገኛል ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው «እርሾ» ነው። በቤት ውስጥ እርሾ የሚባለው ካለፈው ሊጥ ላይ ለቀጣዩ ቡኮ የሚቀመጠው ፈሳሽ ሲሆን፣ በውስጡ ልዩ ልዩ ዓይነት ደቂቅ ፍጥረታት ይኖራሉ። በዚህ ጽሑፍ ግን እርሾ ስንል አንድ ሕዋስ ብቻ ያለውንና በማጉያ መነጽር የሚታየውን የፈንገስ ወገን ማለታችን ነው። ሦስተኛው «መተንፈስ» ነው። አየር ወደ ሳንባ ማስገባትና ማስወጣት አንድ ነገር ነው፤ እያንዳንዱ ሕዋስ ምግብን አፍርሶ ኃይል ማግኘቱ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ይህን ሁለተኛውን «ሕዋሳዊ ትንፈሳ» እንለዋለን። ሁለቱን ያልለየ ተማሪ እርሾና ባክቴሪያ፣ ሥርና ዘር ሳንባ ሳይኖራቸው እንዴት እንደሚተነፍሱ ሊገባው አይችልም።

ነበልባል የሌለው ቃጠሎ

የታሪኩ መነሻ ፓሪስ ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት አንቷን ላቮአዚየ ከሒሳብ ሊቁ ከፒየር ላፕላስ ጋር ሆኖ፣ ከ1782 እስከ 1783 በነበረው ክረምት አንድ መሣሪያ ሠራ። መሣሪያው በግድግዳው ዙሪያ በረዶ የተሞላ ዕቃ ሲሆን፣ በውስጡ ጊኒ ፒግ የምትባል ትንሽ እንስሳ ትገባበታለች። የእንስሳዋ ሙቀት በረዶውን ያቀልጣል፤ የቀለጠው ውኃ ሲመዘን የሰጠችው ሙቀት መጠን ይታወቃል። በሌላ በኩል እንስሳዋ ያወጣችው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተለክቶ፣ ያንኑ ያህል ጋዝ የሚሰጥ ከሰል ሲነድ ከሚያቀልጠው በረዶ ጋር ተነጻጸረ። ሁለቱ መጠኖች በትክክል እኩል ባይሆኑም ተቀራራቢ ነበሩ።

ከዚህም በመነሣት ላቮአዚየ ትንፈሳ በዝግታ የሚካሄድ ቃጠሎ ነው ሲል ደመደመ። እሳት በሌለበት ሙቀት ከየት ይመጣል ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው የተለካ መልስ ይህ ነበር። ነገር ግን ቃጠሎው የሚካሄደው በሳንባ ውስጥ ነው ብሎ ያስብ ነበር። ይህን ሳያጣራ በ1794 በፈረንሳይ አብዮት ወቅት አንገቱ ተቀላ። ቃጠሎው በሳንባ ሳይሆን በመላው አካል፣ ማለትም በየሕዋሱ ውስጥ የሚካሄድ መሆኑ ተቀባይነት ለማግኘት እስከ አሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ድረስ ጠበቀ። ለዚህም የጀርመናዊው የኤድዋርድ ፍሉገር ሥራዎች ከፍ ያለ ድርሻ ነበራቸው። ተማሪዎቻችን መተንፈስንና ሕዋሳዊ ትንፈሳን ሲያደባልቁ የሚደርሱበት ቦታ እንግዲህ ላቮአዚየ ቆሞበት የነበረው ቦታ ነው።

ሕይወት ወይስ ኬሚስትሪ?

ላቮአዚየ ስለ ወይን መፍላትም መርምሮ፣ ስኳር ወደ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚከፈል በሚዛን አሳይቶ ነበር። ይህን የሚያደርገው ምን እንደሆነ ግን አልታወቀም። በ1830ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳዊው ካኛር ደ ላ ቱር፣ ጀርመናውያኑ ቴዎዶር ሽቫንና ፍሪድሪኽ ኩትሲንግ እያንዳንዳቸው በየበኩላቸው እርሾን በማጉያ መነጽር ተመልክተው፣ የሚያድግና የሚራባ ሕያው ነገር መሆኑን ገለጹ። በዘመኑ ስመ ጥር የነበሩት ኬሚስቶች ዩስቱስ ሊቢግና ፍሪድሪኽ ቮለር ይህን ሐሳብ አልተቀበሉትም። በ1839 በሊቢግ መጽሔት ላይ ሐሳቡን የሚያላግጥ ጽሑፍ እስከ ማውጣት ደረሱ። በሊቢግ አስተያየት መፍላት የመበስበስ ዓይነት ኬሚካዊ ለውጥ ነበርና፣ ለዚህ ሕይወት ያለው ነገር አያስፈልግም ነበር።

ክርክሩን ወደ ሌላ ደረጃ ያሸጋገረው ሉዊ ፓስተር ነው። በ1857 ስኳርን ወደ ላክቲክ አሲድ የሚለውጠው የራሱ የሆነ ደቂቅ ፍጥረት መሆኑን አሳየ። በ1861 ደግሞ ኦክሲጅን ሲነካቸው የሚሞቱ፣ ያለ አየር ብቻ የሚኖሩ ደቂቅ ፍጥረታት መኖራቸውን አስታወቀ። ሕይወት ያለ አየር አይኖርም ተብሎ ይታመንበት በነበረው ዘመን ይህ እጅግ የሚያስገርም ነበር።

ፓስተር ያስተዋለው ሌላ ነገር ለጽሑፋችን ዋና ነጥብ ቅርብ ነው። እርሾ አየር በሌለበት ብዙ ስኳር ፈጅቶ ጥቂት ብቻ ያድጋል። አየር ሲያገኝ ግን በጥቂት ስኳር ብዙ ያድጋል፤ የአልኮሉም መጠን ይቀንሳል። ያው እርሾ፣ ያው ስኳር ሆኖ የኦክሲጅን መኖርና አለመኖር ብቻ የስኳሩን ፍጆታ ለወጠው ማለት ነው። ፓስተር መፍላት ያለ አየር የሚኖር ሕይወት ውጤት ነው ብሎ ደመደመ። የአየሩ መኖር ይህን ልዩነት በምን መንገድ እንደሚያመጣ ለማብራራት ግን በእጁ ያለው ዕውቀት አልፈቀደለትም።

ከታረደ ሕዋስ የወጣ ጭማቂ

በሊቢግና በፓስተር መካከል የተነሣው ክርክር እልባት ያገኘው ሁለቱም ከሞቱ በኋላ ነው። በ1897 በጀርመን አገር በቱቢንገን ከተማ ኤድዋርድ ቡህነር እርሾን ከአሸዋ ጋር ፈጭቶ፣ በኃይል ጨምቆ ሕዋስ የሌለበት ጭማቂ አወጣ። ጭማቂው የታሰበው ለሕክምና ምርምር ነበርና እንዳይበላሽ ማርማላታ እንደሚሠራ ሰው ስኳር ጨመረበት። ጭማቂው ግን አረፋ ማውጣት ጀመረ። አንድም ሕያው ሕዋስ ሳይኖር ስኳሩ ወደ አልኮል ተለወጠ።

ይህ ግኝት ቡህነርን በ1907 ለኖቤል ሽልማት አበቃው። ከግኝቱ የምንረዳው ሁለቱም ወገኖች በከፊል ትክክል እንደነበሩ ነው። ፓስተር እንዳለው ለውጡ የሚካሄደው ሕያው ሕዋስ በሚሠራቸው ነገሮች ነው፤ ሊቢግ እንዳለው ደግሞ ለውጡ ራሱ ኬሚስትሪ ነው። እነዚያ ነገሮች ዛሬ ኢንዛይም የምንላቸው ፕሮቲኖች ናቸው።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው «ምን ያደርገዋል?» መሆኑ ቀርቶ «በስንት ደረጃ ይሠራል?» ሆነ። በለንደን አርተር ሃርደንና ዊልያም ያንግ ከ1905 ጀምሮ ባካሄዱት ምርምር ሁለት ነገር አገኙ። አንደኛ፣ እየደከመ የሚሄድ የእርሾ ጭማቂ ፎስፌት ሲጨመርበት እንደገና ይነቃቃል፤ ፎስፌቱም ከስኳሩ ጋር ይጣበቃል። ሁለተኛ፣ ከኢንዛይሞቹ ሌላ ሙቀት የማያጠፋው አንድ ትንሽ ረዳት ንጥረ ነገር ከሌለ ጭማቂው ከቶ አይሠራም። ፎስፌቱና ረዳቱ የታሪኩ ቁልፎች ሆነው የተገኙት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ጡንቻና እርሾ አንድ መሆናቸው

በዚያው ወቅት በካምብሪጅ ዋልተር ፍሌቸርና ፍሬድሪክ ሆፕኪንስ የእንቁራሪት ጡንቻ ይመረምሩ ነበር። በ1907 እንዳሳዩት፣ ጡንቻው ኦክሲጅን በሌለበት ሲሠራ ላክቲክ አሲድ ይከማችበታል፤ ኦክሲጅን ሲያገኝ ደግሞ አሲዱ ይጠፋል። ጡንቻና እርሾ ምን አገናኛቸው ቢባል መልሱ በ1918 መጣ። ጀርመናዊው ኦቶ ማየርሆፍ ያ የእርሾ ረዳት ንጥረ ነገር በእንስሳ ጡንቻም ውስጥ እንዳለ አሳየ። ከዚያም በእርሱ፣ በጉስታቭ ኤምብደን፣ በፖላንዳዊው ያኩብ ፓርናስና በሌሎች ብዙ ተመራማሪዎች ጥረት፣ እስከ 1940 አካባቢ ድረስ ከግሉኮስ ተነሥቶ ፓይሩቪክ አሲድ እስከተባለው ንጥረ ነገር የሚደርሰው ባለ አሥር ደረጃ መንገድ ተሟልቶ ታወቀ። መንገዱ በእርሾም፣ በእንቁራሪትም፣ በሰውም አንድ ነው። በየትኛውም ደረጃው ላይ ኦክሲጅን አይገባበትም።

በመካከሉ አንድ ትልቅ እምነት ወደቀ። ጡንቻን የሚያንቀሳቅሰው ላክቲክ አሲዱ ራሱ ነው ተብሎ ይታመን ነበር፤ ማየርሆፍና እንግሊዛዊው አርኪባልድ ሂል የ1922ን የኖቤል ሽልማት የተካፈሉትም በዚሁ መስክ ባደረጉት ጥናት ነው። በ1930 ዴንማርካዊው አይናር ሉንድስጎር ላክቲክ አሲድ መሥራት እንዳይችል በመርዝ የታገደ ጡንቻ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን መኮማተሩን እንደማያቆም አሳየ። እንግዲያው ኃይሉ ከሌላ ነገር መምጣት ነበረበት። ያም ነገር በ1929 በጀርመን ካርል ሎማን፣ በአሜሪካ ደግሞ ሳይረስ ፊስክና ከሕንድ የሄደው የላፕራጋዳ ሱባራው ያገኙት ኤ.ቲ.ፒ. ነበር። በ1941 ፍሪትዝ ሊፕማን ኤ.ቲ.ፒ. በሕያዋን ሁሉ ውስጥ የኃይል መገበያያ መሆኑን አብራርቶ ጻፈ። ሃርደን ያስተዋለው ፎስፌት ትርጉም ያገኘው በዚህ ነው፤ ኃይሉ ከሕዋሱ ክፍል ወደ ክፍል የሚዛወረው በፎስፌት ላይ ተጭኖ ነው።

የረዳቱም ምስጢር በ1930ዎቹ በኦቶ ዋርበርግና በሌሎች ምርምር ተገለጠ። ኒኮቲናሚድ የተባለውን የቫይታሚን ወገን የያዘ ሲሆን፣ ሥራው ከስኳሩ ላይ የሚወጡትን ሃይድሮጅንና ኤሌክትሮኖች መሸከም ነው። ተሸካሚው በሕዋስ ውስጥ ያለው በጥቂቱ ነው። ሸክሙን የሚያራግፍበት ቦታ ካላገኘ ለሚቀጥለው ጭነት ባዶ ስለማይሆን መንገዱ በሙሉ ይቆማል።

የሁለቱ ቀመሮች ምስጢር ያለው እዚህ ላይ ነው። እርሾ አየር ሲያጣ ሸክሙን ከፓይሩቪክ አሲድ በሚገኝ ንጥረ ነገር ላይ ያራግፋል፤ ያም አልኮል ይሆናል። ጡንቻ ሲቸኩል በፓይሩቪክ አሲዱ ላይ ያራግፋል፤ ያም ላክቲክ አሲድ ይሆናል። እንግዲህ አልኮሉና ላክቲክ አሲዱ ተሸካሚው ባዶ እጁን እንዲመለስ የሚያስችሉ ማራገፊያዎች ናቸው። ኃይሉ የተገኘው ከእነርሱ በፊት ባሉት ደረጃዎች ነው።

የኦክሲጅን ሥራ ምንድን ነው?

ኦክሲጅን ያለበት ቅርንጫፍ ታሪክ የሚጀምረው በአንድ የተዘነጋ ሰው ነው። በ1880ዎቹ አየርላንድ ተወላጁ ሐኪም ቻርልስ ማክመን ብርሃንን በቀለማቱ በሚከፋፍል መሣሪያ የእንስሳትን ሥጋ ሲመረምር ጥቋቁር መስመሮች አየ፤ ከትንፈሳ ጋር ግንኙነት ያለው ቀለም ነው ብሎም ጻፈ። የታወቀው ጀርመናዊ ሊቅ ፌሊክስ ሆፐ ዛይለር ሐሳቡን ስለተቃወመው ግኝቱ ተረስቶ ቀረ። በ1925 በካምብሪጅ ዴቪድ ኬይሊን በነፍሳት ጡንቻና በእርሾ ውስጥ እነዚያኑ መስመሮች እንደገና አገኘ። እርሾው ከአየር ጋር ሲናጥ መስመሮቹ ይጠፋሉ፤ እርሾው ኦክሲጅኑን ፈጅቶ ሲጨርስ ይመለሳሉ። ኬይሊን ቀለሞቹን ሳይቶክሮም ብሎ ሰየማቸው። ኤሌክትሮን ከአንዱ ወደ ሌላው እየተቀባበሉ በመጨረሻ ለኦክሲጅን የሚያስረክቡ ፕሮቲኖች መሆናቸውም ታወቀ። ዋርበርግ ደግሞ በሰንሰለቱ መጨረሻ ላይ ኦክሲጅንን የሚቀበለው ኢንዛይም ብረት ያለበት መሆኑን አሳይቶ በ1931 የኖቤል ሽልማት አገኘ።

የፓይሩቪክ አሲዱን ዕጣ ያወቀው ሃንስ ክሬብስ ነው። በ1933 አይሁዳዊ በመሆኑ በናዚዎች ሕግ ከጀርመን የሥራ ቦታው ተባርሮ ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደደ። በ1937 በሼፊልድ ከተማ ከዊልያም ጆንሰን ጋር በርግብ ደረት ጡንቻ ላይ ሲመራመር፣ ከፓይሩቪክ አሲድ የሚመጣው ካርቦን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለወጠው ተዟዙሮ ወደ መነሻው በሚመለስ ዑደት መሆኑን አረጋገጠ። ጽሑፉን ለታወቀ የእንግሊዝ መጽሔት ቢልክ ለጊዜው ቦታ የለንም ተብሎ ተመለሰለት፤ በሌላ መጽሔት ላይ ወጣ። በ1953 ከሊፕማን ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ማየርሆፍም በዚያው የስደት ዘመን በፈረንሳይ በኩል አምልጦ አሜሪካ ገብቷል።

አንድ ጥያቄ ቀርቶ ነበር። ኤሌክትሮኖቹ በሰንሰለቱ ላይ ሲወርዱ የሚለቁት ኃይል ወደ ኤ.ቲ.ፒ. የሚገባው እንዴት ነው? ሥራው የሚካሄደው ማይቶኮንድሪያ በተባሉት የሕዋስ ክፍሎች ውስጥ መሆኑን በ1940ዎቹ መጨረሻ ዩጂን ኬኔዲና አልበርት ሌኒንገር አሳይተዋል። ብዙዎች በመካከል አንድ የኃይል አቀባይ ንጥረ ነገር ይኖራል ብለው ለዓመታት ፈለጉ፤ አላገኙም። በ1961 እንግሊዛዊው ፒተር ሚቸል የተለየ ሐሳብ አቀረበ። ሰንሰለቱ በማይቶኮንድሪያ ውስጠኛ ስስ ሽፋን አሻግሮ የሃይድሮጅን አዮኖችን ወደ አንድ ወገን ይገፋል፤ አዮኖቹ እንደተገደበ ውኃ ይጠራቀማሉ፤ ተመልሰው ሲፈስሱም ኤ.ቲ.ፒ. የሚሠራውን ኢንዛይም ያንቀሳቅሳሉ አለ። ሐሳቡ ለአሥር ዓመት ከበለጠ ክርክር በኋላ በማስረጃ ጸንቶ ሚቸል በ1978 ተሸለመ። ፖል ቦየርና ጆን ዎከር ደግሞ ኢንዛይሙ የሚሠራበትን መንገድ በማብራራታቸው በ1997 ተሸለሙ። በዚያው ዓመት በጃፓን የሚገኙ ተመራማሪዎች ኢንዛይሙ እንደ ተርባይን ሲዞር በማጉያ መነጽር አሳዩ።

የኦክሲጅን ሥራ እንግዲህ በአጭሩ ሊነገር ይችላል። ኦክሲጅን ኃይል አይደለም፤ ኃይልም አይሠራም። ኤሌክትሮንን እጅግ የሚስብ በመሆኑ በሰንሰለቱ መጨረሻ ላይ ቆሞ የሚቀበል ዋና ማራገፊያ ነው። እርሱ ሲኖር ኤሌክትሮኖቹ ረጅም ቁልቁለት ይወርዳሉ፤ ብዙ ኤ.ቲ.ፒ. ይሠራል። እርሱ ሲጠፋ ግን ሕዋሱ እዚያው ቅርብ ባለው ንጥረ ነገር ላይ ለማራገፍ ይገደዳል፤ የስኳሩም አብዛኛው ኃይል በአልኮሉ ወይም በላክቲክ አሲዱ ውስጥ ተዘግቶ ይቀራል። ፓስተር ያየው እርሾ አየር ሲያጣ ብዙ ስኳር የሚፈጀው ከእያንዳንዱ ግሉኮስ የሚያገኘው ጥቂት ስለሆነ ነው።

ታሪኩ ለክፍል ትምህርት የሚሰጠው ጥቅም

ከላይ ከተተረከው ታሪክ ለማስተማር ሥራችን ቢያንስ አራት ነጥቦች ይገኛሉ።

አንደኛ፣ ትምህርቱ በጥያቄ ቅደም ተከተል ቢሰጥ ይመረጣል። በመጀመሪያ የጋራው መንገድ ይሰጥ፤ ቀጥሎ «የተሸካሚው ሸክም የት ይራገፋል?» የሚለው ጥያቄ ይነሣ፤ ከዚያ በኋላ ሦስቱ መልሶች፣ ማለትም አልኮል፣ ላክቲክ አሲድና ኦክሲጅን ጎን ለጎን ይቅረቡ። እንደዚህ የተማረ ተማሪ የደም ቀይ ሕዋስን ነገር ቢጠየቅ ግራ አይገባውም። ይህ ሕዋስ ቀኑን ሙሉ ኦክሲጅን ተሸክሞ ሲዞር ይውላል፤ ማይቶኮንድሪያ ስለሌለው ግን ለራሱ ኃይል የሚያገኘው ላክቲክ አሲድ በሚሰጠው መንገድ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ቁጥሮች ከነታሪካቸው ይነገሩ። በብዙ የመማሪያ መጻሕፍት ከአንድ ግሉኮስ በኦክሲጅን 36 ወይም 38 ኤ.ቲ.ፒ. ይገኛል ተብሎ ተጽፏል። ይህ ቁጥር የተሰላው የሚቸል ሐሳብ ከመጽናቱ በፊት፣ እያንዳንዱ ተሸካሚ ሙሉ ቁጥር ያህል ኤ.ቲ.ፒ. ይሰጣል ተብሎ በታሰበበት ጊዜ ነው። ኃይሉ የሚመጣው ከአዮኖች ፍሰት መሆኑ ከታወቀ ወዲህ ግን ሙሉ ቁጥር መሆኑ አስፈላጊ አይደለም፤ ዛሬ ተቀባይነት ያለው ግምት 30 ወይም 32 ገደማ ነው። ያለ ኦክሲጅን የሚገኘው 2 ብቻ ነው። ፈተና የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች «ስንት ነው?» ከማለት ይልቅ «ልዩነቱ ለምን ይህን ያህል ሰፋ?» ብለው ቢጠይቁ፣ አሮጌ መጽሐፍ ያለው ትምህርት ቤት ተማሪ አዲስ መጽሐፍ ካለው ተማሪ ጋር በእኩል ይዳኛል። መጻሕፍት በየትምህርት ቤቱ በአንድ ጊዜ ስለማይለወጡ ይህ ለፍትሕ ሲባል ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

ሦስተኛ፣ ላክቲክ አሲድ መርዝና ቆሻሻ ነው የሚለው አባባል ይታረም። ካርልና ጌርቲ ኮሪ ባደረጉት ጥናት ጉበት ላክቲክ አሲድን ተቀብሎ ወደ ግሉኮስ እንደሚመልሰው ታውቋል፤ ባልና ሚስቱም በ1947 ተሸልመዋል። የልብ ጡንቻም እንደ ነዳጅ ይጠቀምበታል። ከከባድ ሥራ በኋላ በማግስቱ የሚሰማው የጡንቻ ሕመም በላክቲክ አሲድ ክምችት የሚመጣ አይደለም፤ አሲዱ ሥራው በቆመ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ከጡንቻው ይወገዳልና።

አራተኛ፣ ለዚህ ትምህርት የሚሆን ቤተ ሙከራ በየቤቱ አለ። የጤፍ ሊጥ ሲቦካ ኩፍ የሚለውና እንጀራው ዓይን የሚያወጣው በካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ የሚኮመጥጠውም ላክቲክ አሲድ በሚሠሩ ባክቴሪያዎች ምክንያት ነው። በአንድ ቡኮ ውስጥ ሁለቱ ማራገፊያዎች ጎን ለጎን ይታያሉ ማለት ነው። ጋኑ ሳይከደን የሰነበተ ጠላ የሚሆመጥጠው ደግሞ ኦክሲጅን የሚፈልጉ ሌሎች ባክቴሪያዎች አልኮሉን ወደ ኮምጣጤ አሲድ ስለሚለውጡት ነው። እናቶች ጋኑን አፉን መርገው የሚያኖሩት ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ተማሪው በዚህ ይረዳል።

በክፍል ውስጥም ቀላል ሙከራ ማድረግ ይቻላል። ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ አየሩ እንዲወጣለት በእሳት ፈልቶ ይቀዝቅዝ፤ በሁለት ጠርሙስ ይከፈል። ባንደኛው የዳቦ እርሾ፣ በሌላው አስቀድሞ በውኃ የተቀቀለ እርሾ ይጨመር። አየር እንዳይገባ በሁለቱም ላይ ዘይት ይንሳፈፍባቸው። ከየጠርሙሱ አፍ የሚወጣ ቱቦ ወደ ጠራ የኖራ ውኃ ይግባ። ሕያው እርሾ ያለበት ጠርሙስ የኖራውን ውኃ ሲያደፈርሰው፣ የተቀቀለው አያደፈርሰውም። መምህሩ ወዲያው መልሱን ከመናገር ተቆጥቦ «የተቀቀለው ለምን አልሠራም? ሕይወቱ ስለጠፋ ነው ወይስ በውስጡ የነበረ ነገር ስለተበላሸ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ክፍሉ በራሱ ጊዜ የሊቢግንና የፓስተርን ክርክር ይጀምራል። የቡህነር ጭማቂ ታሪክ ሲነገረው ተማሪው የሚቀበለው ለራሱ ጥያቄ የተሰጠ መልስ አድርጎ ነው።

እንዲህ ያለው አቀራረብ ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ ይጠይቃል፤ ይህንንም የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች አስቀድመው ሊያስቡበት ይገባል። የአሥሩን ደረጃ ኢንዛይሞች ስም በሙሉ ማስጠናት ለዩኒቨርሲቲ ቢተው፣ የሚተርፈው ጊዜ ለሙከራውና ለውይይቱ ይበቃል ብለን እናምናለን።

መደምደሚያ

ከላቮአዚየ በረዶ እስከ ተሽከርካሪው ኢንዛይም ድረስ ያለው ታሪክ የብዙ አገር ሰዎች የጋራ ሥራ ነው። ፈረንሳዊ፣ ጀርመናዊ፣ እንግሊዛዊ፣ አየርላንዳዊ፣ ዴንማርካዊ፣ ፖላንዳዊ፣ ሕንዳዊ፣ አሜሪካዊና ጃፓናዊ ተቀባብለውታል። ከእነርሱም መካከል የተላገጠባቸው፣ የተዘነጉና የተሰደዱ ይገኙባቸዋል። የማክመን ሥራ ለአርባ ዓመታት ያህል ተቀብሮ የቀረው ማስረጃ ስላልነበረው ሳይሆን፣ የተቃወመው ሰው ስም ከእርሱ ስም የገዘፈ ስለነበረ ነው።

ይህ ለመምህር ትልቅ ትምህርት ነው። በክፍል ውስጥ በስም የሚገዝፈው ሰው መምህሩ ነውና። ከኋላ ወንበር «እናቴ ጋኑን የምትመርገው ለምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ሲነሣ፣ ጥያቄው ከርእሱ ውጭ ነው ተብሎ የሚታለፍ ከሆነ ቀመሩ ብቻውን ሰሌዳው ላይ ይቀራል። ጥያቄው ተገቢው ቦታ ከተሰጠው ግን ትምህርቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው።